የፋርማሲው ሲስተም በየደቂቃው ያስጠነቅቀናል፤ ትንንሾቹን ማስጠንቀቂያዎች እናጥፋቸው ወይ?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ፋርማሲስት ነኝ፤ ስራዬ መድኃኒት ማደል ነው። ጥያቄዬ ከአንድ ገጠመኝ የተነሳ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ልድገመው። ከዚያ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው እነግራችኋለሁ። ክሩ ረዝሟል፤ አዲስ ለሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ይከብደዋል።

አንዲት በእድሜ የገፉ እናት ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ኮትራይሞክሳዞል ታዞላቸው መጡ። ማዘዣውን አስገባሁ። ስክሪኑ ላይ አራት ማስጠንቀቂያዎች ተከታትለው ብቅ አሉ። የመጀመሪያው ብዙ ውሃ ይጠጡበት የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ እድሜያቸው ነው። ሦስተኛው ከዚህ በፊት አንቲባዮቲክ ወስደው እንደነበር ያስታውሳል። አንድ ሁለት ሦስት ብዬ ዘለልኳቸው። አራተኛውንም በዚያው እጄ አለፍኩት። አራተኛው ሜቶትሬክሴት ይል ነበር።

እናት ለመገጣጠሚያ ህመማቸው ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ይወስዳሉ። ሁለቱም መድኃኒቶች ሰውነት ፎሌት የሚባለውን ቪታሚን እንዳይጠቀም ያግዳሉ። በዚያ ላይ ኮትራይሞክሳዞል ሜቶትሬክሴቱ በኩላሊት በኩል በቶሎ እንዳይወጣ ያደርገዋል። ሲገናኙ የአጥንት መቅኔ ደም ማምረት ሊያቅተው ይችላል። ሰው የሚሞትበት ግጭት ነው።

ያዳናቸው ሲስተሙ አይደለም፤ እኔም አይደለሁም። መድኃኒቱን የምታስረክበው ባልደረባዬ ሌላ የሚወስዱት ነገር እንዳለ ጠየቀቻቸው። እናት ቦርሳቸውን ከፍተው በመሀረብ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ቋጠሮው ሲፈታ ትንንሽ ቢጫ ክኒኖች ነበሩ። ባልደረባዬ ክኒኖቹን አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ያ አስተያየቷ እስካሁን ከፊቴ አልጠፋም። ለሐኪሙ ተደወለ፣ መድኃኒቱ ተቀየረ፣ እናት በሰላም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀት ይዤ መቁጠር ጀመርኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ከ40 በላይ ማስጠንቀቂያ ወጣብኝ። ከዚያ ውስጥ ቆም ብዬ እንዳስብ የሚገባኝ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ጠየቅኩ፦ ሲስተሙ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣበት የመረጃ ቋት ውስጥ ያሉትን ቀላል ማስጠንቀቂያዎች ዘግተን ከባዶቹን ብቻ ብናስቀር ይሻል ይሆን?

መልስ 1። የሆስፒታል ፋርማሲስት ናት፤ በትህትና ነው የጀመረችው። ገጠመኜን በመናገሬ አመሰገነችኝ። ነገሩ የእኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ፣ በሙያው የማስጠንቀቂያ ድካም የሚባል መሆኑን አስረዳች። በ2006 የወጣ አንድ የጥናቶች ዳሰሳን ጠቀሰች (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ውስጥ ባለሙያዎች ከሚወጣላቸው የደህንነት ማስጠንቀቂያ ከ49 እስከ 96 በመቶ የሚሆነውን ያልፉታል። እሷ እንደምትለው የሚያልፈው ሰው ሰነፍ አይደለም። አእምሮ አስር ጊዜ በከንቱ ሲጠሩት አስራ አንደኛው ላይ መስማት ያቆማል።

መልስ 2። ይሄ ሰው ምንም አላለሳለሰልኝም። ማስጠንቀቂያው ቀይ ነበር፣ ስሙ ተጽፎ ነበር፣ አንተ አልፈኸዋል አለ። ሲስተሙ የሚጠበቅበትን ሰርቷል፤ ጥፋቱ የጣትህ ነው ብሎ ዘጋ። ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፈው። ልክ ነው። ያመመኝም ልክ ስለሆነ ነው።

መልስ 3። በዚህ ክር ብዙ የተማርኩት ከዚህ ሰው ነው። እነዚህን የመረጃ ቋቶች ከፋርማሲ ሲስተም ጋር የሚያገናኝ ባለሙያ ነው። አብዛኞቻችን ማስጠንቀቂያው ከኮምፒውተሩ የሚመጣ ይመስለናል፤ እሱ ግን ከኋላው ያለውን ዘረዘረ። መጀመሪያ የመድኃኒት ጥንዶች ዝርዝር አለ። ለእያንዳንዱ ጥንድ ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚመጣ፣ ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ለየብቻ ደረጃ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ጥንድ በብዙ ታካሚ ላይ የታየ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከአንድ ሰው ታሪክ፣ ወይም እንዲያው ከሳይንሳዊ ግምት የመጣ ነው። ስክሪኑ ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ሳጥን ውስጥ ይገባሉ።

ዝርዝሩ ለምን እንደሚሰፋም ነገረን። ቋቱን የሚያዘጋጀው ድርጅት አንድ ጥንድ ትቶ ሰው ቢጎዳ ይጠየቃል። መቶ ትርፍ ማስጠንቀቂያ ቢጨምር ግን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ወደ መጨመሩ ያደላል። አንድ ጥንድ በአንዱ ቋት ከባድ፣ በሌላው መካከለኛ ተብሎ የሚገኘውም ለዚህ ነው፤ ፈራጆቹ ሰዎች ናቸው። ታዲያ እሱ ማጥፋቱን አልተቃወመም። የተቃወመው አንድ ሰው በራሱ ፍርድ ከመሬት ተነስቶ ማጥፋቱን ነው። ማን እንዳጠፋው፣ ለምን እንዳጠፋው፣ መቼ እንደገና እንደሚታይ ተጽፎ ይቀመጥ ይላል።

መልስ 4። ሐኪም ነው፤ ከዚህ ጀምሮ የክሩ ድምጽ ከፍ አለ። ፋርማሲስቶች ስክሪኑ ላይ ያዩትን ሁሉ ይዘው ስለሚደውሉበት ተማሯል። በተለይ ያበሳጨው ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አንድ ላይ ሲያዝ ነው። ደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ይጨምራሉ ተብሎ ይደወልለታል። ለልብ ድካም ሁለቱን አብሮ መስጠት የታወቀ ሕክምና ነው፣ የፖታሲየም ምርመራም አዟል። የሚደውለው ሰው መጀመሪያ ታካሚውን ቢጠይቅ ኖሮ ይሄንን ያውቅ ነበር አለ። ቃላቱ ሸካራ ነበሩ፤ ሐሳቡ ግን ውድቅ የሚደረግ አይደለም።

መልስ 5። አንዲት ፋርማሲስት ለእሱ መለሰች፤ እሷም ወደኋላ አላለችም። ስለ ሁለቱ መድኃኒቶች ትስማማለች። ግን በዚያው ጥንድ ላይ የነበረ አንድ ታካሚ ሦስተኛ መድኃኒት ተጨምሮለት እሷ ጋ መጣ። ሦስተኛው ያው የእኔው ኮትራይሞክሳዞል ነው። ውስጡ ያለው ትራይሜቶፕሪም እሱም ፖታሲየም ከሰውነት እንዳይወጣ ያደርጋል። ያዘዘው ሌላ ሐኪም ነበር፤ የልቡን መድኃኒቶች አያውቅም። ስትደውል ስራ በዝቶበት ቆጣ አለባት። ከሰዓታት በኋላ ራሱ መልሶ ደውሎ አመሰገናት። ስለዚህ አትደውሉ አትበሉን፣ ምን ብለን እንደምንደውል አስተምሩን አለች። 4 ቁጥር ለዚህ ወዲያው ምላሽ አልሰጠም፤ በኋላ ግን ወደ ክሩ ተመልሷል።

መልስ 6። ጡረታ የወጡ አንድ አንጋፋ ፋርማሲስት ናቸው። አባታችን ብለን ነው ስንመልስላቸው የቆየነው። እሳቸው የመጽሐፍ ዘመን ሰው ናቸው። ማርቲንዴል የሚባለው የመድኃኒት መጽሐፍ መጀመሪያ የታተመው በ1883 ነው፤ የብሪታንያው ብሔራዊ ፎርሙላሪ፣ ቢኤንኤፍ የምንለው የመድኃኒት መመሪያ፣ በ1949 ጀመረ። እሳቸው ስለ ግጭት ሲጠራጠሩ ወፍራሙን መጽሐፍ አውርደው ገጽ ይገልጡ ነበር። የሚፈልጉትን እስኪያገኙ ያልፈለጉትን ሦስት ነገር ያነባሉ። ስክሪን የጠየቁትን ብቻ ይሰጣል፣ እንዲያውም ያልጠየቁትን ይጮህቦታል፤ ማንበብን ግን አያስተምርም ባይ ናቸው። ይሄ ነገራቸው ልቤ ውስጥ ገብቷል። በመጨረሻ ስለ ስም መመሳሰል አነሱ። ሎሴክ የሚባለው የጨጓራ መድኃኒት ላሲክስ ከሚባለው የሚያሸና መድኃኒት ጋር እየተምታታ በ1990 ስሙ ተቀየረ አሉ።

መልስ 7። በአክብሮት አረማቸው። ስሙ ፕሪሎሴክ የተባለው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ሌላው ዓለም ላይ ሎሴክ ሎሴክ እንደሆነ ቀጥሏል። ከዚያ በንግድ ስም መፈለግ ያለውን አደጋ አነሳ፤ ይሄን እኔም አላውቀውም ነበር። ፍሎማክስ አሜሪካ ውስጥ ለፕሮስቴት የሚሰጠው ታምሱሎሲን ነው። ጣሊያን ውስጥ ግን በዚሁ ስም የሚሸጠው የህመምና የእብጠት ማስታገሻ ነው። ዲላኮር አሜሪካ ውስጥ ዲልቲያዜም የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒት፣ ሰርቢያ ውስጥ ግን ዲጎክሲን የሚባለው የልብ መድኃኒት ነው። አንድ ተጓዥ ባዶ እሽጉን ይዞ መጥቶ ይሄን ስጡኝ ቢል፣ በንግድ ስሙ ከፈለግነው የልብ ምቱን የሚያዛባ ስህተት ልንሰራ እንችላለን። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2006 በዚህ ጉዳይ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። መፍትሔው የዓለም ጤና ድርጅት የሚያወጣው ዓለም አቀፍ የመድኃኒት ስም ነው። አሜሪካ ግን ለአንዳንዱ መድኃኒት የራሷን ስም ትጠቀማለች፤ ፓራሲታሞልና አሲታሚኖፌን አንድ ናቸው፣ ሳልቡታሞልና አልቡቴሮልም አንድ ናቸው። ጥሩ ቋት ሁለቱንም ያውቃል። ያለዎት ቋት ማወቁን ዛሬውኑ ይሞክሩት አለ።

መልስ 8፣ 9 እና 10። እዚህ ላይ አንዲት እናት ገባች፤ ባለሙያ አይደለችም። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጇ አተኩሶታል፤ ቤት ውስጥ ያለውን ፓራሲታሞል ስንት ሚሊ ልስጠው ብላ ጠየቀች። 9 ቁጥር ወዲያው 7.5 ሚሊ ሊትር አላት። ስሌቱ ይሄ ነው፦ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም፣ 12 ኪሎ ሲሆን 180 ሚሊ ግራም።

10 ቁጥር ባትደርስ ኖሮ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ሳስበው ይጨንቀኛል። 7.5 ሚሊ ሊትር ትክክል የሚሆነው በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ላለው ሽሮፕ ነው። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ያለው የሕፃናት ጠብታም አለ። ከዚያ 7.5 ሚሊ ሊትር ቢሰጠው ልጁ በአንዴ 750 ሚሊ ግራም ይወስዳል፤ ከሚገባው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ከጠብታው የሚበቃው 1.8 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። እናትየውን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እንድታነብላቸው ጠየቀቻት። ጠብታ ሆኖ ተገኘ። 10 ቁጥር ልጁን የሚያውቅ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጋ እንድትደውልም ነገረቻት። 9 ቁጥር ይቅርታ ጠይቆ መልሱን አስተካከለ፤ ይሄንን በማድረጉ አከብረዋለሁ። ቀመሩ ትክክል ነበር፣ የመረጃ ቋቱም ቁጥር ትክክል ነበር። የጎደለው ጠርሙሱን ማየት ነው።

መልስ 11። አንድ ወጣት ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ የሰው ሰራሽ አስተውሎት ቻትን ብንጠይቅስ አለ። እሱ በየቀኑ ይጠይቀዋል፤ መልሱ ግልጽና ፈጣን ነው።

መልስ 12። እዚህ ላይ ነገሩ ተካረረ። አንዷ በአንተ እጅ መድኃኒት አልቀበልም ብላ ጻፈችለት። ይሄ አባባል በዛ፤ ልጁ የጠየቀው በቅንነት ነው። ምክንያቷ ግን ጠንካራ ነው። የመረጃ ቋት እያንዳንዱን መስመር ከየት እንዳመጣውና መቼ እንዳደሰው ያሳይሃል፤ የሚጠየቅበት ባለቤት አለው። ቻቱ ግን ትክክሉንም ስህተቱንም በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ነው የሚነግርህ። ጥርት ያለ ቁጥር ስታይ ትክክል ይመስልሃል።

መልስ 13። ሁለቱን ሊያስታርቅ የገባ ሰው ነው። የሚያስፈራው ቻቱ ብቻ እንዳልሆነ አስታወሰ፤ ስልኩ ላይ ከዓመታት በፊት አውርዶ ያላደሰው አፕም ያው ነው። ኮዴይንን ለምሳሌ አመጣ። ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሞርፊን ይለወጣል። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው በጣም በፍጥነት ይለውጠዋል። ቶንሲል ወጥቶላቸው ኮዴይን የተሰጣቸው ሕፃናት ትንፋሻቸው ቆሞ ከሞቱ በኋላ በ2013 ከባድ ማስጠንቀቂያ ወጣበት። በ2017 አሜሪካ ውስጥ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጭራሽ እንዳይሰጥ ተባለ። ከዚያ በፊት የተዘጋጀ አፕ ግን እስከዛሬ የልጅ መጠን በኪሎ አስልቶ ያወጣልሃል። ስለዚህ መጀመሪያ የታደሰበትን ቀን ፈልጉ ይላል። ይህን እንዳነበብኩ ስልኬን ከፈትኩ። ሁለት አፕ አጠፋሁ።

መልስ 14 እና 15። ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። 14 ቁጥር የሊቢ ዚየንን ታሪክ አነሳ። በ1984 ኒውዮርክ ውስጥ የ18 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ፌነልዚን የሚባል የድብርት መድኃኒት ትወስድ ነበር፣ ሆስፒታል ገብታ ፔቲዲን የሚባል የህመም ማስታገሻ ተሰጣት፣ በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ዛሬ ማንኛውም ቋት ይህን ጥንድ በቀይ ያቆመዋል አለ። 15 ቁጥር ፍርድ ቤት ውስጥ የሞቷ ምክንያት ብዙ እንዳከራከረ አስታወሰ። በ1989 የመጣውም ደንብ ስለ መድኃኒት ግጭት ሳይሆን ስለ ተለማማጅ ሐኪሞች የስራ ሰዓት ነው፤ በሳምንት ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ። ከዚያ በኋላ ስለ ተረኛ ሐኪም እንቅልፍ፣ ስለ አዳር አበል፣ ስለ ማን የበለጠ ይደክማል ወሬው ተግተለተለ። እሱን አልዘረዝረውም። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ እንቅልፍ ያጣ ሰው ማስጠንቀቂያ አያነብም፤ ስለዚህ ነገሩ ያሰቡትን ያህል ከርዕሳችን አልራቀም።

መልስ 16። አወያዩ ወደ ጥያቄው እንድንመለስ ጠየቀ። ስድብ ያለባቸውን ሦስት ጽሑፎችም ሰረዘ።

መልስ 17። 4 ቁጥር፣ ሐኪሙ፣ ተመለሰ። በረጋ መንፈስ ነው የጻፈው። ሲደወልለት ሦስት ነገር ቢነገረው አይቆጣም፦ ታካሚው አሁን በእጁ ያለው መድኃኒት ምን እንደሆነ፣ የኩላሊት ምርመራው መቼ እንደታየ፣ ፋርማሲስቱ በምትኩ ምን እንደሚያስብ። 5 ቁጥር አመሰገነችው። ከዚህ ክር ይሄ ብቻ ቢወጣ እንኳ በቂ ነበር።

መልስ 18። 3 ቁጥር ለእኔ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ይዞ መጣ። በመጀመሪያ የሚጠፉት እንደ ብዙ ውሃ ይጠጡ ያሉ ምክሮች ናቸው፤ እነሱ ማሸጊያው ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ይታተሙ። ቀጥሎ ታካሚው ለዓመታት አብሮ ሲወስደው የቆየ ጥንድ በየወሩ አይጩህ፣ አዲስ ነገር ሲጨመር ብቻ ይጩህ። ከባዶቹ ደግሞ በአንድ ጠቅታ አይታለፉ፤ ያለፈው ሰው ምክንያቱን በራሱ ቃል ይጻፍ። ሜቶትሬክሴት፣ የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪንና እነሱን የመሳሰሉት ላይ ሲስተሙ እንዲያቆም እንጂ እንዲያስታውስ ብቻ አይደረግ።

ይህን አትሜ ወደ ኃላፊዬ ይዤ ሄድኩ። ከሐኪሞች፣ ከነርሶችና ከእኛ ሰው ተመርጦ ዝርዝሩን ማየት ተጀምሯል። የውሃ መጠጡ ማስጠንቀቂያ ጠፍቷል። ሌላው ገና ነው።

መልስ 19። 2 ቁጥር ተመለሰ፤ ያ ጥፋቱ የጣትህ ነው ያለኝ ሰው። አሁንም አላለሳለሰም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። የእናትየው ካርድ ላይ ሜቶትሬክሴቱ እንዴት ተብሎ እንደገባ አይተሃል ወይ? ቋቱ የሚያውቀው የነገርነውን ብቻ ነው አለ።

አላየሁም ነበር። በማግስቱ ጠዋት በር እንደተከፈተ ካርዳቸውን አወጣሁ። ሜቶትሬክሴት 2.5 ሚሊ ግራም፣ አራት ክኒን፣ በቀን አንድ ጊዜ ይላል። በሳምንት አይልም። የገባው ከወራት በፊት ነው። ሲስተማችን ማንኛውንም ክኒን ሲያስገቡት በቀን አንድ ጊዜ የሚለውን ራሱ ይሞላል፤ ያስገባው ሰው አልቀየረውም። እናት በሳምንት የሚወስዱት ሐኪማቸው በቃል ስለነገራቸው ነው። እኛ የለጠፍንላቸውን ወረቀት ቢያምኑ ኖሮ በየቀኑ ይወስዱት ነበር።

ደወልኩላቸው። አራቱን ክኒን ዓርብ ዓርብ ብቻ እንደሚወስዱ አረጋገጡልኝ። እሽጉ ላይ ያለውን ወረቀት ልጃቸው እንድታነብልኝ አደረግኩ፤ በቀን አንድ ጊዜ ይላል። በአዲስ ወረቀት ሊቀይሩት ከሰዓት መጡ። ዓርብ የሚለውን ቃል በትልቁ ጻፍኩበት።

ለ3 ቁጥር በግል ጻፍኩለት። ሜቶትሬክሴት ሲገባ ሲስተሙ ራሱ በሳምንት ብሎ እንዲሞላና በየቀኑ ለማለት የፈለገ ሰው የበሽታውን ስም እንዲጽፍ ማድረግ እንደሚቻል ነገረኝ። በመድኃኒት ደህንነት ላይ የሚሰሩ ተቋማት ይህን ከመከሩ ዓመታት እንዳለፉም ጨመረልኝ። ጥያቄው ለሲስተሙ ባለቤቶች ተልኳል።

እስከዚያው የሜቶትሬክሴት ታካሚዎቻችንን ካርድ አንድ በአንድ እያየሁ ነው። እስካሁን 11 አየሁ። ሁለቱ ላይ በቀን አንድ ጊዜ ይላል። ለሁለቱም ደውያለሁ። እዚህ ያላችሁ ባለሙያዎች ነገ ጠዋት ስራ ስትገቡ የእናንተንም ክፈቱና ያገኛችሁትን ከስር ጻፉልኝ።